«ዛሬ ምን ተማርክ?» ስለው «ውሃ አፈሰስኩ» ይለኛል

የሦስት ዓመቱ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ልጄ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። የሕፃናት ማቆያ ከጀመረ ገና ሦስተኛ ወሩ ነው። ጠዋት ሳደርሰው አያስቸግረኝም፣ ሮጦ ይገባል። የሚጨንቀኝ ማታ ላይ ነው። ከማቆያው በየቀኑ መልእክት ይላክልኛል። «ዛሬ ደስ የሚል ቀን አሳለፍን፤ ተጫወትን፣ በላን፣ ተኛን» ይላል። ትናንትም ይኸው ነው፣ ከትናንት ወዲያም ይኸው። አንድ ቃል አይለወጥም።

የጓደኛዬ ልጅ የምትውለው ሌላ ማቆያ ነው። እሷ በየቀኑ ወረቀት ይዛ ትመጣለች። ቀለም የተቀባ ዓሣ፣ ጥጥ የተለጠፈበት በግ፣ በነጠብጣብ ላይ የተጻፈ ፊደል። የፍሪጃቸው በር በወረቀት ተሸፍኗል። የኔ ልጅ የሚያመጣው እጅጌው የራሰ ሹራብ ብቻ ነው። ትናንት ወደ ቤት ስንመለስ «ዛሬ ምን ተማርክ?» አልኩት። «ውሃ አፈሰስኩ» አለኝ። «ሌላስ?» ስለው «ደግሞ አፈሰስኩ» አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። ቀኑን ሙሉ ከልጄ ተለይቼ የምውለው ውሃ እንዲያፈስ ነው? ማቆያ ልቀይር ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ? እዚያ ውስጥ የምትሠሩ ካላችሁ ቀኑ በትክክል ምን እንደሚመስል ንገሩኝ።

ከሕፃናት ጋር 11 ዓመት፦
እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። መልእክቱ ልክ አይደለም። ስለ ውሃው ግን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም የውሃው ሳፋ የኔ ክፍል ውስጥ ብዙ ነገር የሚሠራበት ቦታ ነው።

ሳፋ ውስጥ ውሃ እናደርጋለን። አጠገቡ ትልቅ ጆግ፣ ትንሽ ኩባያ፣ ረጅም ጠርሙስ፣ ስፖንጅ እናስቀምጣለን። ልጁ ከጆግ ወደ ጠርሙስ ሲቀዳ መጀመሪያ ሁሉም ይፈሳል። የጠርሙሱ አፍ ጠባብ ነዋ። ቀስ ብሎ ማዘንበል እንዳለበት ማንም አይነግረውም፣ ውሃው ራሱ ይነግረዋል። ከዚያ በሁለት እጁ መያዝ ይጀምራል። አንዱ እጅ ይደግፋል፣ ሌላው ያዘነብላል። «ሞላ» «ጎደለ» «ገና ነው» «ፈሰሰብኝ» የሚሉትን ቃላት እዚያው በሥራ ላይ ያገኛቸዋል።

የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ያሳየው ነገር አለ። እኩል ውሃ አጭርና ሰፊ ብርጭቆ ውስጥ፣ እንዲሁም ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ ትንሽ ልጅ ብትጠይቁ፣ ረጅሙ ውስጥ ያለው ይበልጣል ይላችኋል። እዚያው ፊቱ ብትገለብጡለትም ሐሳቡን አይቀይርም። ብዙ ልጆች መጠኑ እንዳልተለወጠ የሚገባቸው ስድስትና ሰባት ዓመት አካባቢ ነው። እዚያ የሚደርሱት ደግሞ ብዙ ቀድተው፣ ብዙ አፍስሰው ነው። ልጅሽ «ደግሞ አፈሰስኩ» ያለሽ ሌላ ነገር ስላልነበረ አይመስለኝም፤ ሥራውን ስላልጨረሰ ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦
እኔ በዚህ አልስማማም፣ በግልጽ ልናገር። ትልቁ ልጄ «በጨዋታ እናስተምራለን» የሚል ማቆያ ውስጥ ሁለት ዓመት ዋለ። እኛም ደስ ብሎን ነበር። ትምህርት ቤት ሲገባ እኩዮቹ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ የኔ ልጅ እርሳሱን በጭብጡ ነበር የሚይዘው። በመጀመሪያው ሳምንት ማታ እያለቀሰ «እኔ አልችልም» አለኝ። ያን ቃል ከአምስት ዓመት ልጅ አፍ መስማት ያማል። ለመድረስ ዓመት የፈጀበት ይመስለኛል። ስለዚህ ይህ ጨዋታ የሚባለው አዲስ ፋሽን ለኔ አልሠራልኝም። ትንሿ ልጄ በሚቀጥለው ወር ትጀምራለች፣ ፊደል የሚያስይዝ ቦታ ነው የምፈልግላት። እህቴ፣ እኔ ብሆን እቀይር ነበር።

ከሕፃናት ጋር 11 ዓመት፦
ወንድሜ፣ የልጅህ ነገር አሳዘነኝ። ልጅ «አልችልም» ብሎ ትምህርት ሲጀምር ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ግን እርሳሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሕፃን ሲወለድ የእጁ አንጓ አጥንቶች ገና ልም ናቸው። አንድ በአንድ ወደ አጥንትነት የሚለወጡት በብዙ ዓመታት ውስጥ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ እርሳስ በጭብጥ ቢይዝ የሚጠበቅ ነው፣ ጣቶቹ ተራቸው ገና ነው። እጅ ለጽሕፈት የሚደርሰው በሌላ ሥራ ነው። የራሰ ስፖንጅ መጭመቅ፣ ዶቃ በክር መሰካት፣ ወረቀት መቅደድ፣ የልብስ መቆንጠጫ ከፍቶ ገመድ ላይ ማያያዝ፣ ሊጥ ማሸት። መቆንጠጫውን የሚከፍቱት ሁለት ጣቶች እርሳሱን የሚይዙት ናቸው። እኔ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት መቆንጠጫ ሲከፍትና ሲዘጋ የከረመ ልጅ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን መጥቶ ከለር አንሥቶ ክብ ሣለ። ክቡ ተዘጋ። መስመሩ የጀመረበት ቦታ ተመልሶ ሲደርስ ትንፋሹን ይዞ ነበር። አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝ። እኔም ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ግን አንተም ያልከው እውነት አለው። ልጆችን ግቢ ውስጥ ለቆ ወንበር ላይ መቀመጥም «በጨዋታ ማስተማር» ይባላል፣ አይቻለሁ። እሱ ጨዋታም ትምህርትም አይደለም። ደህና ማቆያ ውስጥ ለአራትና ለአምስት ዓመቶቹ ከለርና ወረቀት ሁልጊዜ ክፍት ቦታ ይቀመጣል። የልጁ ስም ኮቱ የሚሰቀልበት ላይ፣ መቀመጫው ላይ፣ ኩባያው ላይ ይጻፋል። ልጁ በቀን አሥር ጊዜ ያየዋል። አንድ ቀን «ይቺ የኔ ናት» ብሎ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይጠቁማል። የልጅህ ማቆያ ይሄን ሳያደርግ ቀርቶ ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ ቅሬታህ ተገቢ ነው።

ድሮ ማቆያ የሠራች፦
ስለ ወረቀቱ ዓሣ እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም ዓሣውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስሙን የማልጠቅሰው ማቆያ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ወላጅ ወረቀት ካላየ ያኮርፋል ተብሎ በየቀኑ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ነገር ተሠርቶ እንዲወጣ ታዘን ነበር። ልጆቹ ከሰዓት ሲተኙ እኛ መቀስ ይዘን እንቀመጣለን። እንቆርጣለን፣ ኮላ እንቀባለን፣ ዓይኑን እንለጥፋለን። ልጁ ሲነቃ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክረን አንድ ጊዜ ጫን እናደርግለታለን። ማታ እናትየው «ጎበዝ!» ትለዋለች። ልጁ ወረቀቱን ያየዋል፣ እናቱን ያያል፣ ምን እንደሠራ አያውቅም። ያ ፊቱ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

የጓደኛሽን ልጅ ማቆያ አላውቀውምና አልፈርድበትም። ግን አንድ መለያ ልስጥሽ። ግድግዳው ላይ ሃያ ዓሣ ተሰቅሎ ሃያውም አንድ ዓይነት ከሆነ፣ የትልቅ ሰው እጅ ገብቶበታል። ልጆች ከሠሩት አንዱ ዓይኑ ሆዱ ላይ ይሆናል፣ አንዱ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ይሆናል፣ አንዱ ከነጭራሹ ዓሣ አይሆንም። እነሱን ስቀሉልኝ።

የመንታዎች እናት፦
ይቅርታ ጉዳዩን ላቋርጥ። የኔዎቹ ሁለት ዓመት ሞላቸው። አስተማሪያቸው «ከሌሎች ልጆች ጋር አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ እንጂ አብረው አይጫወቱም» አለችኝ። ሊያሳስበኝ ይገባል? ደግሞ ጠዋት ላይ ሲያለቅሱ ተደብቄ ነው የምወጣው፣ ልቤ አይችልም።

ከሕፃናት ጋር 11 ዓመት፦
በሁለት ዓመት ያ ደንበኛ ነው፣ አያሳስብሽ። ሚልድረድ ፓርተን የምትባል ተመራማሪ ገና እ.ኤ.አ. በ1932 የልጆችን ጨዋታ ስትመድብ ለዚህ ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥታዋለች፣ ጎን ለጎን መጫወት። አንዱ ኩብ ሲደረድር ሌላው በዓይኑ ሰርቆ ያያል፣ ቆይቶ እሱም ይደረድራል። አብሮ መሥራቱ ቀስ እያለ ይመጣል።

ተደብቀሽ አትውጪ፣ እባክሽ። ልጅ እናቱ ሳታሳውቀው እንደጠፋች ካየ በማግስቱ እጅሽን አይለቅም። አቅፈሻቸው፣ «ከእንቅልፍ ስትነሡ እመጣለሁ» ብለሽ፣ ውጪ። አጭር ይሁን። ያልሽው ሰዓት ላይ ድረሺ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ስንት ደቂቃ እንዳለቀሱ አስተማሪዋን ጠይቂ። ብዙ ጊዜ አንቺ መንገድ ላይ ሆነሽ ስታለቅሺ እነሱ ዝም ብለዋል።

መጽሐፍ አገላባጭ፦
የሁለት ልጆች አባት «አዲስ ፋሽን» ስላለው ነው የምጽፈው። ወንድሜ፣ አዲስ እንኳን አይደለም። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮቤል ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ የትንንሽ ልጆች ቦታውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው። በ1840 ኪንደርጋርተን ብሎ ሰየመው፣ የልጆች የአትክልት ቦታ እንደማለት ነው። ልጆቹ እጅ ላይ ያደረገው የክር ኳስና የእንጨት ኩብ ነበር። ዛሬ በየማቆያው የምታያቸው ኩቦች የዚያ ዘር ናቸው። ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ ደግሞ በሮም ሳን ሎሬንዞ ሠፈር የመጀመሪያውን የልጆች ቤቷን የከፈተችው እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 1907 ነው። የድሃ ሠራተኞች ልጆች ነበሩ። ቁልፍ መቆለፍ፣ መጥረግ፣ ውሃ መቅዳት ሰጠቻቸው። አዎ፣ ውሃ መቅዳት!

ግን ላንተ ይጠቅማል ብዬ የማስበው ሌላኛው ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 123 ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፣ ፔሪ የሚባለው። ግማሽ የሚሆኑት ሦስትና አራት ዓመት ሆኗቸው ጥሩ መዋለ ሕፃናት ገቡ፣ የቀሩት አልገቡም። 40 ዓመት እስኪሞላቸው ተከታተሏቸው። የገቡት በሥራም በገቢም ተሽለው ተገኙ፣ የታሰሩትም ከእነሱ መካከል ያነሱ ነበሩ። እና ምን ያደርጉ ነበር? ልጁ መጀመሪያ ምን ሊጫወት እንዳሰበ ይናገራል። ከዚያ ይጫወታል። ከዚያ ምን እንዳደረገ ይተርካል። አስተማሪዎቹ የሠለጠኑ ነበሩ፣ በየሳምንቱም ቤት ድረስ እየሄዱ እናቶችን ያገኙ ነበር። ስለዚህ ጨዋታ ስላለ ብቻ አይደለም። አጠገቡ የሚያይና የሚጠይቅ ትልቅ ሰው ስለነበረ ነው። የልጅህ ማቆያ ያጎደለው ይሄን ይመስለኛል።

የሁለት ልጆች አባት፦
እሺ፣ ይሄኛው ገባኝ። «ምን ልትጫወት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም እዚያ። ልጄን ላመጣ ስሄድ ሁልጊዜ ቴሌቪዥን በርቶ ነበር። ያኔ ነገሬ አላልኩትም።

የማቆያ አስተባባሪ፦
ቴሌቪዥኑን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥር የተሻለ እንደሆነ ይላል። ከአንድ ዓመት በታች ላሉት ጨርሶ የለም። ከዚያ ይልቅ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ላሉት በቀን ውስጥ ተደምሮ ቢያንስ 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ይተኛ ይላል። ስለዚህ «ተኛን» የምትለዋን ቃል አትናቋት።

አሁን ወደ መልእክቱ። እኛም እንደዚያ ነበር የምንልከው። «ተጫወቱ፣ በሉ፣ ተኙ።» ስንፍና አልነበረም፣ ቀኑ መጨረሻ ላይ ሁሉም ሰው ደክሞት ነበር። አንድ ቀን አንድ አባት መጥቶ «ልጄ ዛሬ እዚህ መኖሩን በምን ላውቅ?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዷ አስተማሪ ኪሷ ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ ትይዛለች። በቀን አምስት ልጆች ትመርጣለች። ለእያንዳንዱ ያየችውን አንድ ነገር ብቻ ትጽፋለች። በሳምንት ሁሉም ልጅ ይደርሰዋል። «ዛሬ ማማው ሦስት ጊዜ ፈረሰበት፣ በአራተኛው ትልቁን ኩብ ከሥር አደረገ።» «ጓደኛዋ ስትወድቅ እርጥብ ፎጣ ፈልጋ አመጣችላት።» ወላጅ ይቺን አንብቦ ማታ ላይ የሚያወራው ነገር ያገኛል። ልጁም እንደታየ ያውቃል።

ሌላ ዜናም አለ፣ ደስ ባይልም መነገር ያለበት። ልጅ ከተነከሰ፣ ከወደቀ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚተላለፍ በሽታ ከገባ ያኔውኑ ይነገር። ማን እንደነከሰው አይነገርም። ፎቶ የሚላከው ወላጅ ሲፈቅድ ብቻ ነው፣ የሌላ ሰው ልጅ ፊት ያለበት ፎቶ ደግሞ ለሁሉም አይበተንም። እህቴ፣ አስተማሪዋን «በሳምንት አንድ ያየሽውን ነገር ብትጽፊልኝ» በያት። ከባድ ጥያቄ አይደለም።

የልጅ ልጅ አመላላሽ፦
ልጆቼ፣ እኔ አያት ነኝ። የልጄን ልጅ ከማቆያ የማመጣው እኔ ነኝ። «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ትልቅ ሰውም ብትጠይቁት ግራ ይገባዋል። እኔ በመጀመሪያ ምንም አልጠይቃትም። እጇን ይዤ እንሄዳለን። ትንሽ ከሄድን በኋላ «አጠገብሽ ማን ተቀምጦ ነበር?» እላለሁ። ወይም «ያ ኩብ የወሰደብሽ ልጅ ዛሬ መለሰልሽ?» ከዚያ ወሬው ራሱ ይፈሳል። አንዳንዴ ጭራሽ አታወራም። ማታ ገላዋን ስትታጠብ ግን አሻንጉሊቷን ቁጭ አድርጋ «ተራሽን ጠብቂ፣ እጅሽን ታጠቢ» ትላታለች። ቀኗን ያኔ እሰማዋለሁ።

የመንታዎች እናት፦
አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የገላ መታጠቢያውን ነገር ዛሬውኑ አደምጣለሁ።

የሦስት ዓመቱ እናት፦
ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አንድ በአንድ አንብቤያችኋለሁ። ማቆያውን አልቀየርኩም። አስተማሪዋን አስፈቅጄ አንድ ጠዋት ከሥራ ቀረሁና ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የገረመኝ ጫጫታው ነው፣ ሥርዓት ያለው ጫጫታ። ሲገቡ እያንዳንዱ ልጅ ስሙ ያለበትን ካርድ ፈልጎ ሰሌዳው ላይ ይሰቅላል። የኔ ልጅ አንሥቶ ሰቀለ። ስሙን እንደሚለይ አላውቅም ነበር! ከዚያ አንድ መጽሐፍ ተነበበላቸው፣ መጽሐፉ ያው ትናንት የተነበበው ነው፣ አስተማሪዋ ስታቆም ልጆቹ የቀረውን ቃል ይጨርሱላታል። ከዚያ ውሃው።

ልጄ ሽርጡን ለብሶ ቀጥ ብሎ ወደ ሳፋው ሄደ። አጠገቡ አንዲት ልጅ አለች፣ ከሱ የምታንስ። ጠርሙሱን ልትሞላ ትሞክራለች፣ ይፈስባታል። ልጄ የሷን ጠርሙስ አንገት በሁለት እጁ ያዘላትና «ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ» አላት። ምላሱን አውጥቶ ነበር፣ ሲያተኩር እንደዚያ ያደርጋል። ጠርሙሱ ሲሞላ ድምፁ ይቀጥናል አይደል? ሁለቱም ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙት። «ሞላ!» አሉ እኩል። ከዚያ ደፉትና እንደገና። አስተማሪዋ መጥታ ቁጭ አለችና «ይሄን ጠርሙስ ለመሙላት ስንት ኩባያ ይበቃል?» አለቻቸው። ልጄ «አምስት» አለ። ቆጠሩ። ሦስት ሆነ። ደስ ብሎት ዘለለ፣ መሳሳቱ ምኑም አልነበረም።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። ሦስት ወር ሙሉ የዚህን ልጅ ሥራ «ማፍሰስ» እያልኩ ነበር።

መልእክቱን በተመለከተ አስተማሪዋን ጠየቅኋት። «ማንም ፈልጎ ስለማያውቅ ነው፣ እኔማ የማወራው ሞልቶኛል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ደርሰውኛል። የትናንቱ «ዛሬ የጃኬቱን ዚፕ ያለ እርዳታ ዘጋ፣ አራት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው» ይላል። ለአባቱ ሥራ ቦታ ደውዬ አነበብኩለት።

የሁለት ልጆች አባት፦
እኔም አንድ ማቆያ ሄጄ አየሁ። እንዳላችሁት ግድግዳውን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ሥዕሎቹ አይመሳሰሉም። የልጆቹ ስም ኮት መስቀያው ላይ አለ፣ ከለሩ ልጅ እጅ የሚደርስበት ቦታ ነው የተቀመጠው። ቴሌቪዥን የለም። «ልጄ ፊደል ትለያለች ወይ?» ስላቸው አስተማሪዋ አልተቆጣችም፣ እንዴት እንደሚያደርጉት አሳየችኝ። ትንሿ ሰኞ ትጀምራለች። ምን ይዛ ትሂድ?

ከሕፃናት ጋር 11 ዓመት፦
ደስ ብሎኛል ወንድሜ! ቅያሪ ልብስ ሁለት፣ ሱሪው ራሷ የምታወልቀው ላስቲክ ያለው ይሁን። ጫማውም በቀላሉ የሚገባ። ሁሉም ላይ ስሟን ጻፉበት። ውድ ልብስ አታልብሷት፣ እንዳይቆሽሽ እየፈራች ሳፋው ጋ አትቀርብም። ስትተኛ የምታቅፈው ነገር ካለ እሱንም ላኩት። ሰኞ ከሰዓት እንዴት እንደዋለች ጻፍልን።